እርግብግቢት፦ በጨቅላ አናት ላይ ያለች መስኮት

አንድ እንቆቅልሽ ላቅርብላችሁ። ሕፃኑ ቀኑን ጠብቆ ተወልዷል፤ አልቅሷል፤ መልኩም ደህና ነው። በማግስቱ ግን ትንፋሹ ይፈጥናል። ጡት ጥቂት ስቦ ያልበዋል፣ ይደክመዋል፣ ይተወዋል። ራጅ ሲነሳ ልቡ ተለቅ ብሎ ይታያል፤ ጉበቱም አብጧል። ሐኪሞቹ «የልብ ድካም ነው» ይላሉ። ከዚያ የልብ አልትራሳውንድ ይሠራል። አራቱም ክፍሎች በቦታቸው ናቸው፣ በሮቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ቀዳዳም የለም። ልቡ እየደከመ ነው፤ ግን በአሠራሩ ጤነኛ ልብ ነው። ታዲያ በሽታው የት ነው የተደበቀው?

መልሱ አንዳንዴ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደም ከልብ የሚወጣው በደም ቅዳ ነው፤ የሚመለሰው በደም መልስ። በሁለቱ መካከል ከፀጉር የቀጠኑ ደም ስሮች መረብ አለ። ይህ መረብ ኦክስጅንና ምግብ ከማደሉ ሌላ እንደ ፍሬን ያገለግላል፤ በኃይል የመጣውን ደም ያበርደዋል። በጣም ጥቂት በሆኑ ሕፃናት ላይ ግን በአንጎል መሃል አንድ ቦታ ያ መረብ ሳይሠራ ይቀራል። ደም ቅዳዎቹ በቀጥታ አንድ ደም መልስ ላይ ይገጥማሉ። ያ ደም መልስ ለእንዲህ ዓይነት ግፊት ስላልተሠራ ይነፋል፣ እንደ ኩሬም ይሰፋል። ደም እንደማንኛውም ፈሳሽ የቀለለውን መንገድ ይመርጣል፤ ስለዚህ ልብ ከሚገፋው ደም ብዙው ወደ ጭንቅላት ይሮጥና ምንም ሥራ ሳይሠራ ተመልሶ ልብ ላይ ይደፋል። ልብ እጥፍ ድርብ ይሠራል፤ ሌላው አካል ግን ይራባል።

በማህፀን ውስጥ ሳለ ይህ ሁሉ ብዙም አይታወቅም። የእንግዴ ልጁ ራሱ ሰፊ የደም መንገድ ስለሆነ ሸክሙን ይጋራል። እትብቱ ሲቆረጥ ያ መንገድ ይዘጋል፤ የቀረው ቀላል መንገድ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ብቻ ይሆናል። ሕፃኑ ደህና ተወልዶ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚደክመው ለዚህ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ሥራዬ ሆስፒታል ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ማስተርጎም ነው። ይህን በሽታ መጀመሪያ ያወቅሁት በስሙ ነው፦ «የጋለን ደም መልስ የአፈጣጠር ችግር»። ጋለን ማነው? ስሙስ እንዴት እዚህ ተገኘ? ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ማሽኖች እያደጉ ሄደው በመጨረሻ በሽታው ታየ የሚል ታሪክ ነበር የጠበቅሁት። ያገኘሁት ግን ሌላ ነው፦ ሰዎች ፊታቸው ያለውን አካል እንዳለ ለማየት ምን ያህል እንደሚቸገሩ፣ ላለማየታቸውም ማን ዋጋ እንደሚከፍል። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከስሙ ባለቤት እንጀምር። ጋለን በ129 ዓ.ም. ገደማ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው በጴርጋሞን ከተማ ተወለደ። የግላዲያተሮች ሐኪም ነበር፤ በኋላም ሮም ሄዶ የንጉሠ ነገሥታት ሐኪም ሆነ። የሚደነቅ ተመልካች ነው። ግን የሰው ሬሳ ከፍቶ መመርመር በዘመኑ የማይደረግ ነገር ስለነበር ዝንጀሮ፣ አሳማና በሬ ነበር የሚከፍተው። በከብቶች አንጎል ሥር ደም ስሮች እንደ መረብ ተጠላልፈው አየ፤ «ድንቅ መረብ» የሚል ስም ያለውን ማለት ነው። የሰውም ጭንቅላት ውስጥ ይኸው መረብ አለ ብሎ ጻፈ፤ የአእምሮን መንፈስ የሚያጠራው እሱ ነው ብሎም አስተማረ።

የሰው ጭንቅላት ውስጥ ግን ያ መረብ የለም። ይህን ለማረጋገጥ ከ1,300 ዓመት በላይ ወሰደ። ጣሊያናዊው ቤሬንጋሪዮ ዳ ካርፒ ሬሳ ከፍቶ ፈልጎ አጣው፤ ከዚያም ቬሳሊየስ በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ የጋለንን የአካል ትምህርት ከነስህተቶቹ ለዓለም ዘረገፈው። በመካከል ባሉት መቶ ዓመታት ስንት ሬሳ ተከፍቶ፣ ስንቱ ሐኪም በዓይኑ ያላየውን መረብ «አየሁ» ብሎ እንደጻፈ ስታስቡት ይገርማል። የሚያዩት አካሉን ሳይሆን መጽሐፉን ነበርና።

በ1628 እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ሌላውን ትልቅ የጋለን ትምህርት ገለበጠው። ጋለን ደም ጉበት ውስጥ እየተሠራ ሄዶ አካል ውስጥ ያልቃል ይል ነበር። ሃርቪ ግን ቀላል ሒሳብ ሠራ፦ ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ደም በምቶቹ ቁጥር ሲባዛ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚወጣው ሰው ከሚበላውና ከሚጠጣው ሊሠራ ከሚችለው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ያው ደም እየዞረ ነው። የኛን ሕፃን እንቆቅልሽ መረዳት የሚቻለው ከዚህ ሒሳብ በኋላ ነው። ደም የሚዞር ከሆነ ደግሞ አቋራጭ መንገድ ሊያገኝ ይችላል።

ግን በሕይወት ያለ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለውን አቋራጭ እንዴት ታያለህ?

በኅዳር 1895 ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ዛሬ ራጅ የምንለውን ጨረር አገኘ። ወሬው እንደ እሳት ተዛመተ። ገና ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በጥር 1896፣ ቪየና ውስጥ ሃሼክና ሊንደንታል የተባሉ ሁለት ሰዎች የሬሳ እጅ ደም ስሮች ውስጥ ሜርኩሪ ያለበት ቅልቅል ሞልተው ራጅ አነሱ። የእጁ ደም ስሮች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወጡ። ምስሉ ግሩም ነው፤ ግን በሕይወት ላለ ሰው የማይሞከር መርዝ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሠላሳ ዓመታት በአንድ ጥያቄ ላይ አለፉ ማለት ይቻላል፦ ራጅ የሚያየው፣ ሰውን ግን የማይገድል ፈሳሽ የቱ ነው?

ለአንጎል መልሱ ከሊዝበን መጣ። ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ አንገት ላይ ባለው ትልቅ ደም ቅዳ ውስጥ ፈሳሽ እየወጋ ራጅ ማንሳት ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከታካሚዎቹ አንዱ ሞተ። ፈሳሹን ቀየረና በሰኔ 1927 በሕይወት ያለ ሰው የአንጎል ደም ስሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ታዩ። ቀጥሎ እሱና ሌሎች ቶሮትራስት የሚባል ፈሳሽ መጠቀም ጀመሩ፤ ምስሉ ጥርት ያለ ነበር፣ ታካሚውም ሲወጋ አያመውም። ፈሳሹ ግን ቶሪየም ነበረበት። ቶሪየም ጨረር ይረጫል፤ ጉበት ውስጥ ገብቶም አይወጣም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ከእነዚያ ታካሚዎች ጥቂት የማይባሉትን የጉበት ካንሰር ያዛቸው። ሞኒዝ በ1949 ኖቤል ተሸለመ፤ የሚገርማችሁ፣ የተሸለመው ለዚህ ሳይሆን ዛሬ ሐኪሞች ለማይከተሉት የአእምሮ ሕመም ቀዶ ጥገናው ነው።

በ1937 ጄገር፣ ፎርብስና ዳንዲ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ሐኪሞች ደም ቅዳዎች በቀጥታ አንጎል መሃል ያለው ደም መልስ ላይ የሚገጥሙበትን ችግር ገለጹ። በ1964 ደግሞ ጎልድ፣ ራንሶሆፍና ካርተር ታካሚዎቹን በዕድሜ ለይተው አሳዩ፦ አዲስ የተወለዱት በልብ ድካም ይመጣሉ፤ ትንሽ ከፍ ያሉት ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ ይቋጠርና ጭንቅላታቸው ያድጋል፤ ተለቅ ያሉት ደግሞ ራስ ምታት ወይም የደም መፍሰስ ይዟቸው ይመጣሉ። አንድ በሽታ በሦስት መልክ ማለት ነው። ይህ ትልቅ ግኝት ነበር። ሕክምናው ግን ጭንቅላት ከፍቶ ደም ስሮቹን መቋጠር ነበር፤ በዚያ ዕድሜና በዚያ ድካም ላይ ካሉት ጨቅላዎች የሚበዙት አይተርፉም ነበር። ምርመራውም ራሱ ቀላል አይደለም፤ ልቡ እየደከመ ላለ የ3 ኪሎ ሕፃን መርፌ፣ ፈሳሽና ጨረር ሁሉም ሸክም ነው።

ሸክም የሌለው መንገድ የመጣው ከብርሃን ሳይሆን ከድምፅ ነው። በ1950ዎቹ ግላስጎው ውስጥ ኢያን ዶናልድ የሚባል የማህፀን ሐኪም የብረት ስንጥቅ መፈለጊያ የድምፅ ማሽን ሰው ላይ ቢሞከርስ ብሎ አሰበ። ከኢንጂነሩ ከቶም ብራውንና ከሐኪሙ ከጆን ማክቪካር ጋር ሆኖ በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሥራውን አሳተመ። ዛሬ እርጉዝ እናት ሁሉ የምታውቀው አልትራሳውንድ ከዚያ ነው የመጣው።

አልትራሳውንድ ግን አንድ ጠላት አለው፦ አጥንት። ድምፁ የራስ ቅል ሲያገኝ ይመለሳል። የአዋቂ ሰው አንጎል በዚህ መንገድ በደንብ የማይታየው ለዚህ ነው። የጨቅላ ራስ ቅል ግን ገና አልገጠመም። አናቱ ላይ አጥንት የሌለባት ለስላሳ ቦታ አለች፤ የምትገጥመውም ብዙውን ጊዜ ከዓመት በኋላ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሐኪሞች የማሽኑን ጫፍ እዚያች ቦታ ላይ አሳርፈው አንጎሉን ማየት ጀመሩ። ያለ መርፌ፣ ያለ ጨረር፣ ሕፃኑ አልጋው ላይ ተኝቶ።

ይህችን ቦታ እኛ እርግብግቢት እንላታለን። የብዙ አገር ቋንቋ የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ስሟ ከትንሽ ምንጭ ጋር የተያያዘ ነው። የአማርኛው ስም ግን ሥራዋን ይናገራል፤ ትርገበገባለች፣ ትመታለች። ከሥሯ ደም እንዳለ ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

አንድ ቀን ማስተርጎሜ ላይ ይህ ቃል በጣም ጠቀመኝ። ቤተሰቡን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ ትቼ ልንገራችሁ። ጨቅላው በልብ ድካም ገብቷል። ሐኪሟ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አሳርፋ ስትጨርስ ወደ ጭንቅላቱ ወሰደችው፤ ከዚያም አልትራሳውንድ አስመጣች። አያቱ ወደ እኔ ዞረው «የኔ ልጅ፣ ልቡ ነው ተብለን ገብተን ጭንቅላቱን ምን ያደርጉታል?» አሉኝ። ጥያቄያቸውን ለሐኪሟ አደረስኩላቸው። እሷም የአቋራጩን ነገር በወረቀት ላይ ሥላ አስረዳች፤ ብዙ ደም በአንድ ጠባብ ቦታ ሲሮጥ ድምፅ ያሰማል፣ ጭንቅላቱን ያዳመጥኩት ለዚህ ነው አለች። ማሽኑ የሚያርፍበትን ቦታ ሳስረዳ «እማማ፣ በእርግብግቢቱ በኩል ነው የሚያዩት» አልኳቸው። ፊታቸው ተፈታ። «እሱማ እንዴት አይታይ፣ ክፍት አይደል» አሉ። እሳቸው ልጆች ሲያሳድጉ እዚያች ቦታ ላይ ቅቤ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ተቅማጥ የያዘው ልጅ እርግብግቢቱ ስትጎደጉድ ያውቃሉ። ስክሪኑ ላይ ቀጫጭን የቀለም መስመሮች ብቻ ወጡ፤ ኩሬ የለም። የልቡ ጉዳይ ሌላ ነበር፤ መድኃኒትም ነበረው።

እነዚያ ቀለሞች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1842 ፕራግ ውስጥ ክርስቲያን ዶፕለር ስለ ከዋክብት ቀለም አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ሐሳቡን አምቡላንስ ሲያልፍ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ጃፓናዊው ሺጌኦ ሳቶሙራ ይህን በአልትራሳውንድ ልብ ላይ ሞከረው። በ1980ዎቹ ደግሞ፣ እዚያው ጃፓን በተሠራ ቴክኒክ፣ የደም ሩጫ በቀለም ስክሪን ላይ ወጣ። ቀዩ ወደ መሳሪያው የሚመጣ ነው፤ ሰማያዊው የሚርቅ። (ቀይ ደም ቅዳ፣ ሰማያዊ ደም መልስ ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።)

ለዚህ በሽታ ቀለሙ ትልቅ ለውጥ ነው። በጥቁርና ነጩ አልትራሳውንድ የተነፋው ደም መልስ አንጎል መሃል ላይ እንደ ጥቁር ክብ ነው የሚታየው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊመስል ይችላል። ውሃና የሚሮጥ ደም ስክሪኑ ላይ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ቀለሙ ሲበራ ግን ክቡ በቀይና ሰማያዊ ይናጣል፤ የሚጠራጠር ሰው አይኖርም። ከዚያ ኤምአርአይ ይከተላል፦ ደም ቅዳዎቹ ከየት እንደሚመጡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንጎሉ ሥጋ እስካሁን ምን ያህል እንደተጎዳ ያሳያል።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። በ1989 ፈረንሳዊው ቻርልስ ሬይቦ ከባልደረቦቹ ጋር የእነዚህን ሕፃናት ደም ስሮች ምስል ከፅንስ አስተዳደግ ጋር አስተያየ። ያ የተነፋው ደም መልስ የጋለን ደም መልስ አልነበረም! በፅንሱ አንጎል ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚኖር፣ በ11ኛው ሳምንት ገደማ መጥፋት የነበረበት ሌላ ደም መልስ ነው። አቋራጩ ስለመገበው ሳይጠፋ ቀረ። ጋለን ያላየውን መረብ የሰው ነው አለ፤ የኋላ ሰዎች ደግሞ የሱን ስም የሱ ባልሆነ ደም ስር ላይ ለጠፉ።

የስም ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምስሉ ችግሩ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደተፈጠረ ተናገረ። ከፅንስ የቀረ መንገድ ከሆነ፣ ጤናማው አንጎል ቀድሞውኑ በሌላ መንገድ መፍሰስ ለምዷል ማለት ነው፤ አቋራጩን ቀስ በቀስ መድፈን ይቻላል። ፓሪስ አጠገብ በቢሴትር ሆስፒታል ፒየር ላዥዮንያስ ይህን ሥራ አሳደገው። ከሕፃኑ ብሽሽት ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ በራጅ እየተመለከተ እስከ አንጎል ድረስ ወስዶ፣ ደም ቅዳዎቹን በሙጫ መድፈን። ጭንቅላት አይከፈትም።

ከሙጫው በላይ የነካኝ ግን አንድ የነጥብ ሰንጠረዥ ነው። ላዥዮንያስና ባልደረቦቹ የሕፃኑን ልብ፣ አንጎል፣ ትንፋሽ፣ ጉበትና ኩላሊት አይተው ከ21 ነጥብ ይሰጣሉ። ከ12 በላይ ካገኘ ልቡን በመድኃኒት ደግፈው ይጠብቃሉ፤ አምስት ወር ገደማ ሲሆነው፣ ደም ስሮቹ ጠንከር ሲሉ ይሠራሉ። ከ8 እስከ 12 ከሆነ አስቸኳይ ነው። ከ8 በታች ከሆነ አይነኩትም። ይህን የመጨረሻውን መስመር ለአንዲት እናት አስተርጉም ብባል ቃሉን ከየት እንደማመጣ እንጃ። ግን ምስሉ አንጎሉ ቀድሞ እንደጠፋ ካሳየ፣ ልጁን ከሥቃይ ላይ ሥቃይ የሚያድነው ይኸው መስመር ነው።

በ2006 ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ይላል፦ በሆስፒታላቸው በዚህ መንገድ ከታከሙት 216 ልጆች 23ቱ ሞቱ። ከተረፉት 193ቱ 143ቱ የነርቭ ጉዳት አልታየባቸውም። ለሕክምና የተመረጡ ልጆች እንደሆኑ ማስታወስ ያስፈልጋል። ቢሆንም በ1960ዎቹ ከነበረው ጋር ሲተያይ ሌላ ዓለም ነው። ላዥዮንያስ በ2008 ሞተ፤ ሰንጠረዡ ግን ዛሬም ይሠራበታል።

በመጋቢት 2023 ቦስተን ውስጥ በዳረን ኦርባክ የሚመራ ቡድን አንድ እርምጃ ወደኋላ፣ ወደ ማህፀን ሄደ። እትብቱ ሲቆረጥ ነው ሸክሙ የሚመጣው ካልን፣ ከመቆረጡ በፊት ለምን አንደፍነውም? በ34 ሳምንት ከ2 ቀን ላይ ባለች ፅንስ፣ አልትራሳውንድ እያሳያቸው፣ በእናቲቱ ሆድ በኩል መርፌ አስገብተው የተነፋውን ደም መልስ በቀጫጭን የብረት ጥምዝምዞች ደፈኑት። ሕፃኗ ከሁለት ቀን በኋላ ተወለደች፤ የልብ ድካም መድኃኒት አላስፈለጋትም። አንድ ሕፃን ገና ጅምር ናት፤ ሥራውም በጥናትነት ነው የሚቀጥለው።

ይህን ሁሉ ያነበበ ኢትዮጵያዊ «ታዲያ ይሄ ለኛ ምናችን ነው?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቱቦውና ሙጫው ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ ዓመት የሠለጠነ እጅ ይፈልጋሉ። ግን የታሪኩን መሰላል ስታዩት መጀመሪያ ላይ ያሉት ደረጃዎች ርካሽ ናቸው። ልቡ የደከመ፣ ልቡ ላይ ግን ጉድለት ያልተገኘበት ጨቅላ ሲመጣ ማዳመጫውን ጭንቅላቱ ላይ ማሳረፍ ገንዘብ አያስከፍልም። የእርጉዝ እናት ሆድ የሚያይ አልትራሳውንድ ያለበት ክፍል፣ ተስማሚ ጫፍና የሠለጠነ ሰው ካለው፣ በእርግብግቢት በኩልም ማየት ይችላል። ቀለሙን የምታበራውም አንዲት ቁልፍ ናት። ቀድሞ የታወቀ በሽታ ባይታከም እንኳ ቤተሰቡ እውነቱን ያውቃል፤ ሊታከም የሚችለውም ልጅ ወዴት መላክ እንዳለበት ይታወቃል።

እንዲህ ዓይነቱ በሽታ ብርቅ ነው፤ ብዙዎቻችሁ አንድም ልጅ ሳታዩ ትኖራላችሁ። ያቺ ለስላሳ ቦታ ግን በእያንዳንዱ ጨቅላ አናት ላይ አለች፤ ለዓመት ከምናምን ክፍት ሆና ቆይታ ትገጥማለች። እናቶቻችን በጣታቸው ያውቋታል። የጤና ባለሙያዎቻችን ደግሞ፣ ማሽኑ እጃቸው ላይ ካለ፣ ሳትዘጋ ይዩባት።